የጾም የሙዝ ኬክ
ልጣጩ ጠቁሮ ገበያ ላይ ማንም የማያነሳው የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ ለዚህ ኬክ ሲሆን ምርጡ እሱ ነው። ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ይጣፍጣል፤ በሹካ ሲደፈጠጥም እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። በፍስክ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሚሠሩትን ሥራ፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ይህ ሙዝ ከዘይት ጋር ሆኖ ይወጣዋል፤ እርጥበት ይሰጣል፣ ዱቄቱንም ያያይዛል።

ኬኩን የሚነፋው ደግሞ ሎሚ ነው። ጭማቂው ከቤኪንግ ሶዳው ጋር ሲገናኝ ሊጡ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሳይጠፋ ቶሎ ወደ ምድጃ! ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ ማማሰል አያስፈልግም፤ ከበዛ ግሉተኑ ይጠነክርና ኬኩ ይደድራል። እዚህም እዚያም ትንሽ ዱቄት ቢታይ ምንም አይደል።

ኬክ ቤቶች የጾም ብለው ከሚደረድሩት ውስጥ ብዙው ለእኔ የማርማላታ ጣፋጭነት ብቻ ነው (በአትክልት ክሬም የተሸፈነውንማ ተዉት)። የሙዙ ግን ጾም ስለሆነ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም። ከምድጃ ሲወጣ ሽታው ያጓጓል፤ እኔ ግን የምወደው በማግስቱ ነው፤ እርጥበቱ ተስተካክሎ፣ ጠርዙ ለስልሶ፣ ስኳር ካልነካው ቡና ጋር። ፋሲካ ሲመጣም በቅቤው አልለውጠውም።