በቁጥር የተፈቀደ ዘር

የአንድ ኪነ ጥበባዊ ሥራ ይዘትና ቅርጽ ተነጣጥለው አይመዘኑም። በኮምፒዩተር ጨዋታ ረገድ ግን ሐያስያን ብዙ ጊዜ ሳይመረምሩት የሚያልፉት ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሥራው በገዢው እጅ የሚቆይበት ውል ነው። ውል ይዘትን እስከ ምን ድረስ ሊቃረን እንደሚችል ለመረዳት «ስፖር» የተባለውን ጨዋታ መመልከት ይበቃል።

«ስፖር» በማክሲስ ተዘጋጅቶ፣ በኤሌክትሮኒክ አርትስ አሳታሚነት በሴፕቴምበር 2008 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ቀረበ። የፈጠራው ባለቤት ቀደም ሲል በ«ሲምሲቲ»ና በ«ዘ ሲምስ» ስሙ የተጠራው ዊል ራይት ነው። ተጫዋቹ ከአንዲት ረቂቅ ሕዋስ ይነሣል፤ ሕዋሷ አድጋ እንስሳ፣ እንስሳው ነገድ፣ ነገዱ ሥልጣኔ ይሆንና በመጨረሻ ወደ ሕዋ ይመጥቃል። አንዳንዶቹ ምዕራፎች ጥድፊያ እንደሚታይባቸው አይካድም። ተጫዋቹ በገዛ እጁ ያበጀው ፍጡር፣ እግሩ በየትም በኩል ቢተከል፣ የራሱን አረማመድ አግኝቶ ሲንቀሳቀስ ማየት ግን እውነተኛ የፈጠራ ደስታ ነው። ስሙም በከንቱ አልተመረጠም፤ ስፖር ማለት እንጉዳይና ፈርን የሚራቡበት፣ ነፋስ የሚበትነው ረቂቅ ዘር ነውና።

ስለ መራባት የሚናገረው ይህ ሥራ ሴኩሮም የተባለ ቁልፍ ተበጅቶለት ወጣ። ገዢው ጨዋታውን በኮምፒዩተሩ ላይ ሲጭን ፕሮግራሙ በኢንተርኔት አማካይነት ከአሳታሚው ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ አክቲቬሽን ይባላል። መጀመሪያ የተፈቀደው ለሦስት ኮምፒዩተሮች ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሩ አርጅቶ በሌላ ሲተካ ከሦስቱ አንዱ ይጎድላል፤ ቁጥሩ ሲያልቅ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ደጅ ጠኚ ይሆናል። በአማዞን የሽያጭ ገጽ ላይ ከ2,000 በላይ ገዢዎች ዝቅተኛውን ነጥብ በመስጠት ቁጣቸውን ገለጹ። ኩባንያው በኋላ ቁጥሩን ወደ አምስት አሳደገ። ትምህርቱ ግን አስቀድሞ በእጁ ነበር፤ በ2007 የወጣው «ባዮሾክ» ተመሳሳይ ተቃውሞ ገጥሞት ገደቡ በ2008 አጋማሽ ተነሥቶለታልና።

የቁልፉ ጠበቆች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች ለዓመታት የደከሙበትን ሥራ ያለ ዋጋ መውሰድ እንጀራቸውን መንጠቅ ነው። ይሁንና ቁልፉ የተሰበረ የ«ስፖር» ቅጂ ጨዋታው ለሽያጭ ከመዋሉ በፊት ተሰራጭቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሰረቀው ያለ ቁጥር ሲጫወት የከፈለው ተቆጠረበት።

የብራና መጻሕፍት ባለቤቶችም ሌባን ይፈሩ ነበር። መጽሐፉን የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ እንዲሆን በገጹ ላይ ግዝት ያጽፉ ነበር። ግዝቱ የሚያርፈው ግን በሌባው እንጂ በአንባቢው ላይ አልነበረም። መጽሐፉ ስንት ጊዜ እንደተገለጠ የሚቆጥር ስላልነበረ፣ ጸሐፊው ካለፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ይነበባል።

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ይነሣል። ፈቃድ ሰጪው ሰርቨር ሲዘጋ ሥራው ምን ይሆናል? «ዘ ክሩ» የተባለው የዩቢሶፍት የመኪና ውድድር ጨዋታ በ2014 ተሸጠ፤ ሰርቨሩ ማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ ብቻውን የሚጫወተው ገዢ እንኳ ባዶ እጁን ቀረ። ከ2025 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ እንጂ ንብረት አለመሆኑን ለገዢው እንዲገልጹ ያዛል። ሕጉ ስሙን አረመ እንጂ ሥራውን ከሞት አላዳነም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። ለዚህ ጥፋት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁልፍ በተጨመረበት ቁጥር የተረፈውን ማዳን ይበልጥ ይከብዳል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። አሳታሚው ሰርቨሩን ከመዝጋቱ በፊት ቁልፉን ከሥራው ላይ ሊያነሣ፣ ገዢውም በገዛ ኮምፒዩተሩ የሚያሠራበትን መንገድ ሊተውለት ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በፊርማቸው የደገፉት ጥያቄም የተሸጠ ጨዋታ ሊሠራ በሚችልበት ሁኔታ እንዲተው ነው። ሐያሲም የጨዋታውን ውበት ሲመዝን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በማን ፈቃድ እንደሚከፈት አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል። ገበሬ ዘሩን በጎተራ የሚያኖረው ለሚመጣው ክረምት ነውና።