ውዳሴ ዘአርሲ፤ በአውሮፓ ሜዳዎች ለነገሡት የደጋ ልጆች

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ጭላሎና ካካ፣ በዳና ገላማ አክሊል የሆኑልሽ፣ ጉምን ካባ፣ የገብስ አዝመራን የወርቅ ዘርፍ ያደረግሽ የአርሲ ደጋ ሆይ! ውዳሴሽ ዛሬ ከጢቾ ይነሣ፤ በቀድሞው ዘመን አውራጃ በስሟ ይጠራ ከነበረችው ብርዳማ ከተማ። አሰላ ኃይሌን፣ በቆጂና አካባቢዋ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አብቅለው ሙሽሮች ሆነዋል፤ ጢቾ ሚዜያቸው ናት፤ ሙሽራን ማወደስም የሚዜ ወግ ነው።

ወጉ ግን በእንግሊዝ ኳስ ይጀመር፤ የወጣቱ ልብ ያለው እዚያ ነውና። ቅዳሜ ሲመሽ ዲኤስቲቪ ቤቱ ይሞላል። አንዱ በመድፈኞቹ በአርሴናል ይምላል፤ ሌላው በቀያይ ሰይጣኖቹ በማንቸስተር ዩናይትድ፤ የሊቨርፑሉ ደጋፊ ስድስት የአውሮፓ ዋንጫ ቆጥሮ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል። ለእነዚህ ክለቦች የሚገባቸውን ክብር አልነፍግም። ሊቨርፑል በ2005 ኢስታንቡል ላይ በኤሲ ሚላን 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ከዕረፍት መልስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም መለሰ፤ በፍጹም ቅጣት ምትም ዋንጫውን አነሣ። ማንቸስተር ዩናይትድ በ1999 ባርሴሎና ላይ 90ው ደቂቃ ካለቀ በኋላ፣ ባየርን ሙኒክ አሸነፍኩ ባለበት ሰዓት፣ በሼሪንግሃምና በሶልሻየር ሁለት ግቦች ደስታውን ቀማው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። የአገሩን ሊግ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1978፣ አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ በ1979 እና በ1980 ደጋግሞ ወሰደ። በአገሩ ካገኘው ክብር በባዕድ ምድር ያገኘው የበለጠ! የበቆጂ ጠባይ በእንግሊዝ ቢወለድ ኖሮ ፎረስት ይባል ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ። የእንግሊዝ ክለቦች ሳቅና ዕንባ የተጻፈባቸው ሜዳዎች፣ የአርሲ ልጆችም ስማቸውን በእግራቸው የጻፉባቸው ሜዳዎች ናቸው። የጨዋታው ተንታኝ ይህን አይነግራችሁም፤ የመሮጫው መም ለእሱ ከሜዳው ዳር ያለ ባዶ ቦታ ነው። እኛ ግን መሙን ማንበብ እናውቃለን። (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ብራስልስ ሄይዝል ስታዲየም በ1985 የሐዘን ድንኳን ሆነ። ሊቨርፑልና ጁቬንቱስ የፍጻሜውን ጨዋታ ሳይጀምሩ 39 ሰዎች ረግፈው ቀሩ፤ የእንግሊዝ ክለቦችም ከአውሮፓ ውድድር ለአምስት ዓመት ታገዱ። ሜዳው ኋላ ታድሶ በንጉሥ ቦዱዊን ስም ተሰየመ። ሰላም ለእግርህ፣ የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ! በዚያው ሜዳ በ2005፣ አሯሯጮቹ ከመሙ ከወጡ በኋላ ዙሩን ብቻህን አክርረህ፣ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ፈጸምክ። ያ ክብረ ወሰን 15 ዓመት ሳይደፈር ኖረ። ያን ዓመት የጀመርከው እጮኛህን፣ ራሷም ሯጭ የነበረችውን፣ በሞት ተነጥቀህ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሲያነብ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሊቨርፑል ኢስታንቡል ላይ ተአምር በሠራበት ዓመት፣ የሊቨርፑል መራራ ትዝታ በቀረበት ሜዳ ላይ አርሲ ተአምሯን ሠራች።

ከብራስልስ ወደ ፓሪስ። መድፈኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የደረሱት በ2006 በስታድ ደ ፍራንስ ነው። በረኛቸው ሌማን ገና በጧቱ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሶል ካምቤል በግንባሩ ቢያስቆጥርም ባርሴሎና 2 ለ 1 አሸነፈ። የጢቾ የአርሴናል ደጋፊ ሆይ፣ ያንን ስታዲየም ስታይ አንገትህን አትድፋ! ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2003ቱ የዓለም ሻምፒዮና፣ በዚያው ሜዳ በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን ተከታትለው ገብተዋል፤ ብላቴናው አለቃውን በመጨረሻው ዙር ቀድሞት። በዚያው ሻምፒዮና የ18 ዓመቷ ጥሩነሽ ዲባባ 5,000 ሜትርን አሸነፈች። አርሴናል የተሸነፈበት ሜዳ የአርሲ ነው፤ ስማቸውም ቢሆን ሩቅ አይደለም።

አቴንስ ላይ ግን ቆም ልበል፤ እዚያ የሆነው ከድል ይበልጣል። ሊቨርፑል በ2007 በኢንዛጊ ሁለት ግቦች በሚላን የተሸነፈው በዚያ ኦሊምፒክ ስታዲየም ነው። ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1997 ሦስተኛውን የዓለም የ10,000 ሜትር ዘውድ የደፋውም እዚያው ነው። በ2004 ለኦሊምፒክ ሲመለስ ግን እግሩ ታሞ ነበር። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ዙሩን ማክረር ሲችሉ ወደ ኋላ እየዞሩ አዩ፤ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው ጠበቁት። የኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ! ሌሎች ተፎካካሪዎች ጎን ለጎን እየሮጡ! እሱ ሊደርስባቸው እንደማይችል ሲያውቁ ብቻ ተፈተለኩ፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ገባ። አምስተኛነት እንዲህ የከበረበትን ሌላ ውድድር አላውቅም። በኳስ ዓለም ለታላቅ ተጫዋች የስንብት ጨዋታ ያዘጋጁለታል፤ የአርሲ ደጋ ግን በሩጫ መካከል ቆሞ ጠበቀ።

ስለ ኃይሌ ከተነሣ የጫማው ነገር አይታለፍም። በ1993 ሽቱትጋርት ላይ፣ የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል፣ ኬንያዊውን ሞሰስ ታኑይን ከኋላ ረግጦት ጫማው ከእግሩ ወለቀ። ታኑይ በንዴት ተፈተለከ፤ ኃይሌ ተከተለው፤ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ቀድሞት ወርቁን ወሰደ። ኬንያውያን ይህን በቀላሉ አልረሱትም፤ ሊፈረድባቸውም አይገባም። ዕዳው ግን ከ15 ዓመት በኋላ ኤድንበራ ላይ በሌላ የአርሲ ልጅ እግር ተከፈለ። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ቀነኒሳን ረገጡትና ጫማው ወለቀ፤ ቆሞ አጠለቀ፤ ከኋላ ተነሥቶ ሁሉንም አልፎ አሸነፈ። አንዱ ጫማ አስወልቆ፣ ሌላው ጫማው ወልቆ፤ ሁለቱም ባለ ወርቅ።

ፉክክሩስ? የማንቸስተርና የሊቨርፑል ጠላትነት በኃይሌና በኬንያዊው ዳንኤል ኮመን ፊት ትንሽ ነው። በ1997 ኃይሌ ዙሪክ ላይ የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን 12:41.86 አደረሰ፤ ኮመን በዘጠኝ ቀን ውስጥ ብራስልስ ላይ በ12:39.74 ነጠቀው፤ ኃይሌ በዓመቱ ሄልሲንኪ ላይ በ12:39.36 አስመለሰ። እሱም ቢሆን እስኪበቃው አልተቀመጠበትም፤ ቀነኒሳ በ2004 ሄንግሎ ላይ በ12:37.35 ወደ በቆጂ ወሰደው። ከአውሮፓ ውጭ የሆነውን፣ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ሲድኒ ላይ በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ የቀደመበትን፣ ለሌላ ውዳሴ አቆየዋለሁ።

ሰላም ለአንቺ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ! ማንቸስተር ዩናይትድ ተአምሩን ከመሥራቱ ሰባት ዓመት በፊት ባርሴሎና ያንቺ ነበረች። በ1992 በሞንጁይክ ስታዲየም የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘሽ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆንሽ። ከዚያም ደቡብ አፍሪካዊቷን ነጭ ኤላና ማየርን፣ አገሯ በዘር መድልዎ ምክንያት ለረጅም ዘመን ከኦሊምፒክ ታግዳ የተመለሰችውን፣ እጇን ይዘሽ መሙን ዞርሽ። የባርሴሎና ክለብ በ2023 ካምፕ ኑ ሲታደስ የተሰደደው ወደዚያው ወደ ሞንጁይክ ነው፤ አንቺ ወደ ባረክሽው ሜዳ።

ሰላም ለአንቺም፣ ፋጡማ ሮባ! ሊቨርፑል በ1977 እና በ1984 የአውሮፓን ዋንጫ ባነሣባት ሮም በ1996 ማራቶን አሸነፍሽ፤ በዚያው ዓመት አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፍሽ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆንሽ። ሰላም ለአንቺ፣ ጥሩነሽ! በሞስኮ ሉዥኒኪ፣ የቼልሲው ጆን ቴሪ በ2008 በዝናብ ተንሸራትቶ ዋንጫውን በቋሚው ብረት ላይ በተወበት ሜዳ፣ በ2013 እግርሽ ሳይንሸራተት የዓለምን 10,000 ሜትር ወሰድሽ። ዛሬ ዌስት ሃም የሚጫወትበት የለንደን ስታዲየምም ከክለቡ በፊት አንቺን ያውቃል፤ በ2012 የኦሊምፒክ ወርቅሽን በዚያው አስጠበቅሽ። ሰላም ለእርስዎም፣ ከብዙዎቹ ጀርባ የቆሙት የበቆጂው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ! የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነትዎ የዓለምን መዝገብ ሞላ።

የጢቾ ወጣቶች ሆይ፣ ኳሱን እዩ፤ ጩኹ፤ ለክለባችሁም ተከራከሩ። ነገር ግን ከጄራርድና ከሄንሪ ሥዕል አጠገብ የደራርቱንና የቀነኒሳን ሥዕል በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ጨዋታው ከፓሪስ፣ ከአቴንስ ወይም ከለንደን ስታዲየም ሲተላለፍም፣ በዚያ ሜዳ ከእናንተ ደጋ ማን እንደ ሮጠ ከጎናችሁ ለተቀመጠው ልጅ ንገሩት።