የምሳሩ ምሳሌና የ543ኛው አንቀጽ ቃል

ቅኔ ሲቀርብ ሰሙንና ወርቁን፣ ድርሰት ሲቀርብ አካሄዱን መመርመር በእንዲህ ያለ ገጽ የተለመደ ነው። የሕግ አንቀጽ ግን እንደ ድርሰት ቃል በቃል ሲታይ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ሕግም የተሠራው በቃል ነው፤ ቃሉ በላላበት ስፍራ ዳኛው እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ተበዳዩም የሚይዘው ነገር ያጣል። ስለዚህ ዛሬ የምንመረምረው በ1996 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣውን፣ ከ1997 ዓ. ም. ግንቦት ጀምሮ የጸናውን የወንጀል ሕግ፣ ከእርሱም 543ኛውን አንቀጽ ነው። የምንጠይቀውም ይህ ነው፦ መንግሥት ጠመንጃ ያስያዘው ፖሊስ ሳያስብ ሰው የገደለ እንደ ሆነ፣ ይህ አንቀጽ ለሟችም ለገዳዩም የሚገባውን ይናገራልን?

ጥያቄው ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ. ም. በወልድያ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ በዓሉን በሚያከብረው ምእመን ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰባት ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። በቀጠሉትም ቀኖች ሁከቱ ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተሻግሮ ሌላ ደም ፈሰሰ፤ ንብረትም ተቃጠለ። እንዲህ ያለ ነገር በሆነ ጊዜ ሁሉ «በስሕተት ነው» የሚል ቃል ከወዲያ ይመጣል፤ «ሆን ተብሎ ነው» የሚል ቃል ደግሞ ከወዲህ ይነሣል። በሁለቱ መካከል ያለውን መለየት የሕግ ቃል ሥራ ነው።

የአንቀጹ ንባብ ሦስት ደረጃ አለው። ማንም ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይወሰንበታል። ገዳዩ የሰውን ሕይወት፣ ጤና ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን፣ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፤ ከ3,000 እስከ 6,000 ብርም ይጨመርበታል። ሦስተኛው ደረጃ የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ወይም ገዳዩ ግልጽ የሆነውን ደንብ እያወቀ ጥሶ ሲገኝ፣ ወይም በመጠጥና አእምሮን በሚያስት ነገር ራሱን አስቶ ሲገድል ነው፤ በዚህ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይፈረድበታል። እንግዲህ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ዝቅተኛው 2,000 ብር ነው፤ ከፍተኛው 15 ዓመት ነው። ይህን ያህል ሰፊ ሜዳ የተሰጠው ዳኛ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያሳየው ምልክት ሊኖረው ይገባል።

ምልክቱ «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ነው። «ስሕተት» የሚለው ቃል ግን የሕዝብ ቃል ነው፤ በሕዝብም አፍ የማይመሳሰሉ ነገሮችን አንድ ላይ ይሸፍናል። ማንም ሊያውቀው የማይችል ድንገት ስሕተት ይባላል፤ ይህን ሕጉ በ57ኛው አንቀጽ ከጥፋት ቈጠራ ያወጣዋል። ሊያውቀው ሲገባው ሳያስብ የቀረ፣ ወይም አደጋውን እያየ «አይደርስም» ብሎ የደፈረ ሰው ሥራም ስሕተት ይባላል፤ ይህ በ59ኛው አንቀጽ የተጻፈው ቸልተኝነት ነው። ሦስተኛውም አለ፤ ሞት ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «የሆነው ይሁን» ብሎ ወደ ሰው መካከል የሚተኩስ ነው። ይህን 58ኛው አንቀጽ ከአሳቢዎች ጋራ ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ ወደ 543 ከቶ መግባት የለበትም። በግእዝ አስቀድመን የተማርነው ልዩነት ይኸው ነው፤ «ኢያእምሮ» አለማወቅ ነው፣ «ተሀየየ» ግን ቸል አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው የዐይን ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው የልብ ነው። ጠበቃ «ስሕተት» የሚለውን ቃል እንደ ኅብረ ቃል ይዞ ሦስተኛውን ከመጀመሪያው ስር ሲያስገባው ዳኛው መንቃት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ሙሴ እንሂድ። ፍትሐ ነገሥታችን ወዶ የገደለውን ሳይወድ ከገደለው የሚለየው የኦሪትን ፈለግ ተከትሎ ነው፤ የ1949ኙም ወንጀለኛ መቅጫ፣ ረቂቁን የስዊስ ተወላጅ ሊቅ ዣን ግራቨን ቢያዘጋጀውም፣ በመግቢያው ፍትሐ ነገሥትን ሳይጠቅስ አላለፈም። በዘዳግም 19ኛው ምዕራፍ ያለው ምሳሌ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋራ እንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር ሄደ፤ ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን መትቶ ገደለው። ከዚህ ቀደም ጥላቻ አልነበራቸውም። ይህ ሰው ከስድስቱ የመማፀኛ ከተሞች ወደ አንዲቱ ሸሽቶ ይድናል።

ብዙ ሰው ምሳሌውን እዚህ ላይ ያቆመውና «ሳያስብ የገደለ ነጻ ነው» ይላል። ንባቡ ግን እንዲህ አይልም። በዘኍልቍ 35ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ማኅበሩ በገዳዩና በደም ተበቃዩ መካከል ይፈርዳል፤ ንጹሕ ሆኖ የተገኘውም ቢሆን ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያች ከተማ አይወጣም። ወጥቶ ተበቃዩ ቢያገኘው ደሙ በራሱ ላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቤዛ መከልከሉ ነው፤ ወዶ ከገደለው ብቻ ሳይሆን፣ ወደ መማፀኛው ከሸሸውም ሰው ቀኑ ሳይደርስ ወደ አገሩ እንዲመለስ ብሎ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድም። ባልንጀራውን ያለ ጥላቻ የገደለ ሰው በዕድሜው ይከፍላል እንጂ በከረጢቱ አይከፍልም። እንግዲህ የ543ን መጀመሪያ ደረጃ በዚህ ሚዛን ብናየው «ወይም» የምትለው ቃል ትከብዳለች፤ እስራቱን ትታ መቀጮውን ብቻ እንድትወስድ ለዳኛው በር ትከፍታለችና።

አንድም፣ ምሳሩ የላላ መሆኑን ባለቤቱ ያውቅ እንደ ሆነስ? ዘዳግም ይህን አይነግረንም፤ ዘጸአት 21 ግን ስለ ተዋጊው በሬ ሲናገር ይመልሰዋል። ተዋግቶ የማያውቅ በሬ ሰው ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው ትናንትና ከትናንት ወዲያ ተዋጊ መሆኑ ከታወቀ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ባለቤቱ ራሱ በደሙ ይጠየቃል። ሙሴ ቸልተኝነትን የሚለካው በሞቱ ክብደት አይደለም፤ ሞቱ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። የሚለካው ሞቱ ሳይደርስ በፊት ባለው ጊዜ ነው፤ ምን ታወቀ፣ ለማን ተነገረ፣ ምን ተደረገ? ለፖሊስ ገዳይ የሚገባ ፍርድም ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለበት እንላለን።

ይህን በሩቅ አገር በሆነ ነገር እንፈትነው። ሰኔ 23 ቀን 2011 ዓ. ም. በእስራኤል አገር፣ በሐይፋ አጠገብ በቂርያት ሐይም፣ ከኢትዮጵያውያን ወገን የሆነ ሰሎሞን ተካ የሚባል ወጣት ከሥራ ውጭ የነበረ ፖሊስ በተኰሰው ጥይት ሞተ። በብዙ ከተማ ታላቅ ቍጣ ተነሣ፤ መንገዶች ተዘጉ። ፖሊሱ የተኰስሁት ወደ መሬት ነው አለ፤ ጥይቱም ነጥሮ ወጣቱን መታው ተባለ። በ2012 ዓ. ም. የቀረበበት ክስ በቸልተኝነት መግደል ነበር፤ በዚያ አገር ሕግ የዚህ ክስ ከፍተኛ ቅጣት 3 ዓመት ነው። ከምሳሩ ጋራ ያለው መመሳሰል ለማንም ግልጥ ነው፤ ብረቱ ከታሰበለት ስፍራ ወጥቶ ሰው ላይ አረፈ። ነገር ግን እንጨት ቈራጩና ፖሊሱ እኩል አይደሉም። ጥይት ከጠንካራ መሬት ላይ እንደሚነጥር መሣሪያ የተማረ ሰው ሊያውቅ ይገባዋል፤ ዛቢያው የላላ መሆኑ በትምህርት ቤት ተነግሮታልና። ስለዚህ የወላጆቹ ጩኸትም የፖሊሱ መሐላም ብቻውን አይፈርድም፤ የተማረው ትምህርት ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው። በሚኔሶታ ግዛት ኪም ፖተር የምትባል የ26 ዓመት አገልግሎት ያላት ፖሊስ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2013 ዓ. ም. በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን ቴዘር የሚባለውን መሣሪያ ያወጣች መስሏት ሽጉጧን አውጥታ ዳንቴ ራይት የሚባለውን የ20 ዓመት ወጣት ገደለች። ጥፋተኛ ተባለች፤ በየካቲት 2014 ዓ. ም. 2 ዓመት ተፈረደባት፤ ከዚህም 16 ወሩን በእስር ቤት ቆየች። ዐቃቤ ሕግ ሰባት ዓመት ያህል ጠይቆ ነበር፤ የሟች ቤተ ሰብም ፍርዱ ቀለለ ብለው እጅግ አዘኑ። እኛም ቀላል ነው እንላለን፤ 26 ዓመት ያገለገለ ሰው ግራውን ከቀኙ እንዲለይ ከጀማሪ ይልቅ ይጠበቅበታል፤ የእኛም 59ኛ አንቀጽ የተከሳሹን ልምድና ትምህርት፣ ሥራውንም እንድንመለከት የሚያዝዘው ለዚሁ ነው። ልምድ ለማቅለያ ብቻ ሲጠራ፣ ለማክበጃ ግን ሲረሳ ሚዛኑ አጋድሏል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እናመሰግናለን፤ ዳኛዋ ለምን እንዳቀለለች ምክንያቱን በአደባባይ፣ በሟች እናት ፊት ተናገረች። ምክንያቱ የተነገረ ፍርድ ይነቀፋል፣ ይመረመራል፤ ያልተነገረ ፍርድ ግን ቂም ሆኖ ይቀመጣል።

ስለ ቂም ከተነሣ ወደ ራያ እንመለስ። በቆቦ ቆላ ደም ሲፈስ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሎች ገብተው ያስታርቃሉ፤ ክርስቲያኑና እስላሙም አብረው ይቀመጡበታል። እርቁ የሚሠራው ገዳዩ ወገን ስላለው ነው፤ ወገኑ ያዝናል፣ ይለምናል፣ ይክሳል፣ ለነገውም ዋስ ይሆናል። ገዳዩ ፖሊስ ሲሆን ግን ከሌላ አውራጃ ተመድቦ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በማግሥቱ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር ሽማግሌው የማንን ደጅ ይመታል? ወገኑ መንግሥት ነው፤ መንግሥትም ድንጋይ ተሸክሞ ለእርቅ ሲመጣ አላየንም። ስለዚህ የጸጥታ ሰው በገደለበት ስፍራ የፍርድ ቤቱ ቃል የፍርድንም የሽማግሌንም ሥራ ይሸከማል። የ2,000 ብር መቀጮ ተነግሮት ወደ ቤቱ የተመለሰ የሟች ወንድም፣ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ ፍርድ አየሁ አይልም። በአንጻሩም ለሕዝቡ ቍጣ ማብረጃ ተብሎ ቸልተኛው እንደ ነፍሰ ገዳይ 20 ዓመት ቢጣልበት፣ ያ መማፀኛውን አፍርሶ ገዳዩን ለደም ተበቃይ መስጠት ነው፤ ነገ ሌባ ሲያባርር የሚገኘው ፖሊስም ይህን አይቶ እጁን ያጥፋል።

ስለዚህ በአንቀጹ ላይ ያለን ነቀፌታ ቅጣቱ ማነሱ ወይም መብዛቱ አይደለም፤ ምሳሌ አመራረጡ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ሲያስረዳ ሐኪምንና ነጂን ይጠራል። ሁለቱም በሚገባ ተጠርተዋል፤ ነገር ግን ሕይወት እንዲጠብቅ ከሁሉ በፊት የማለው፣ ለዚሁም ብረት የተሰጠው ሰው በስሙ አልተጠራም። እርግጥ ቃሉ ሰፊ ነውና ፖሊሱን ያጠቃልለዋል፤ እኛም ወደዚያው እንተረጕመዋለን። ቢሆንም ትርጓሜ የሚያስፈልገው ቃልና በግልጥ የተጻፈ ቃል በችሎት ፊት እኩል አይቆሙም፤ ጠበቃው የመጀመሪያውን ደረጃ እንዲለምን ቀዳዳ ይተውለታል።

የበሬው ባለቤት ነገርም አለ። በ73ኛው አንቀጽ ያዘዘ አለቃ በትእዛዙ ይጠየቃል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያላዘዘ፣ ሆኖም አስቀድሞ የተነገረው አለቃስ? ከዚህ ቀደም መሣሪያውን በከንቱ በማውጣት የተከሰሰውን፣ ወይም ሰክሮ ለዘብ ሲወጣ የታየውን ሰው ያሰለፈ አዛዥ ትእዛዝ አልሰጠም፤ በሬውን ግን አላሰረም። እርሱ በራሱ ቸልተኝነት በ543 ሁለተኛ ደረጃ ሊከሰስ ይገባል ብለን እናምናለን፤ ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን ቃታውን በሳበው ጣት ላይ ብቻ ባያቆመው ቃሉ ለዚህ ይበቃል።

ሦስተኛው ደረጃ፣ ግልጽ የሆነውን ደንብ እያወቀ የጣሰ የሚለው፣ ከአንቀጹ ሁሉ የተሻለው ድርሰት ነው፤ ከሙሴ በሬ ጋራ የሚገጥም እርሱ ነውና። ዳሩ ግን «ግልጽ» እና «እያወቀ» የሚሉት ሁለቱ ቃሎች በማስረጃ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ፖሊስ መቼ መተኰስ እንደሚፈቀድለት የሚናገረው ደንብ በጽሕፈት ቤት ሣጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ተከሳሹ አላነበብሁትም ይላል፤ የሟች ወገንም ምን እንደ ተጣሰ አያውቅም፤ ዳኛውም ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይወርዳል። ደንቡ በአማርኛ ታትሞ፣ ጠመንጃ የሚረከብ እያንዳንዱ ፖሊስ ማንበቡን ፈርሞበት፣ ፊርማው ከመዝገቡ ጋራ በቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ግን፣ «እያወቀ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር አይፈልግም።