የሚያልፍ ችቦ፣ የሚደመር ችቦ

የስፖርት ችቦ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ አገር ሲያቋርጥና ሕዝቡ በእልልታ ሲቀበለው የሚታየው ሥነ ሥርዓት በመሠረቱ ትርኢት ነው። መድረኩ መንገዱ፣ ተዋናዩ ሯጩ፣ ተመልካቹም መንደርተኛው ነው። ስለሆነም እንደ ማንኛውም የኪነት ሥራ በይዘቱም በቅርጹም ሊመዘን ይገባዋል።

ቅርጹ ጥንታዊ ይምሰል እንጂ የቅርብ ዘመን ፈጠራ ነው። የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ችቦ ቅብብል ሐምሌ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ከኦሎምፒያ ተነሥቶ፣ ከ3000 በላይ በሆኑ ሯጮች እጅ አልፎ፣ የናዚ መንግሥት ወዳሰናዳው የበርሊን በዓል ገባ። አዲስ አበባ በፋሽስት ኢጣልያ ጦር ከተያዘች ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። በየመንገዱ የወጣው ሕዝብ አጨበጨበ፤ ያጨበጨበለትን ዓላማ ግን አልመረጠም። የቅርጹ ድክመት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይመለከታል፣ ችቦውም ያልፋል። እርግጥ፣ ስታዲየም በማያውቀው መንደር ስፖርት በዚህ መንገድ ስለሚደርስ ጥቅሙ አይካድም።

የኢትዮጵያ ችቦ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ደመራ ከስሙ እንደሚታወቀው መደመር ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ችቦ ይዞ ይመጣል። በሐዋሳ አንድ ኮረብታና አንድ ክፍለ ከተማ የሚጠሩበት ታቦር የሚለው ስምም ቡሄን ያስታውሳል። በትውፊቱ እንደሚነገረው፣ በደብረ ታቦር ብርሃን በታየበት ሌሊት ወላጆች ሙልሙል ይዘው፣ ችቦ አብርተው፣ በመስክ የቀሩትን እረኞች ልጆቻቸውን ፍለጋ ወጡ። ያ ችቦ ሰው ይፈልግ ነበር።

እሳት በሌለበትም ሕጉ ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ፊቼ ጫምባላላ በጉዱማሌ ሲከበር ቄጣላውን የሚያደምቀው የብዙ ሰው ድምፅና እርምጃ ነው።

ስፖርቱም ለዚህ የራሱ ምስክር አለው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአገር ቤት የዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ በሚበራበት ዕለት፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የኢጣልያ ወታደሮች ዳር ዳሩን ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። በዚያች ምሽት ችቦው ቆመ፤ ሰው አለፈ።

እንግዲህ በታቦር ጎዳናዎች ችቦ የሚቀበል አዘጋጅ፣ ስንት ሰው እንደ ወጣ ከመቁጠሩ በፊት የወጣው ሰው ምን እንደሚሠራ ሊያስብ ይገባዋል። ተማሪን ባንዲራ አስይዞ በፀሐይ ማቆም ሰልፍ ነው፤ ኪነት አይባልም። ሯጩ ለአፍታ ይቁም፤ ከእሱ ችቦ የየሰፈሩ ችቦ ይለኮስ፤ ቄጣላውም ሆያ ሆዬውም እንግዳውን በየወጉ ይቀበል። እንግዳው መንገዱን ሲቀጥል በየደጁ የሚነድ እሳት ከቀረ፣ በዓሉ በእርግጥ የታቦር ሕዝብ ሆኗል።