ሁለት ድስት፣ አንድ ድንኳን

መርሳ፣ እናቴ ቤት፣ እኛ በልተንበት የማናውቀው አንድ ድስት አለ። ጓዳው ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ድስቱ የክርስቲያን ነው። ለአረፋ፣ ለሠርግ ወይ ለሰደቃ እናቴ ታወርደውና አጥር ለሚጋሩን ጎረቤታችን ትልከዋለች። እቴቴ እላቸዋለሁ። እኛ የገዛነውን በግ የእቴቴ ባል በስመ አብ ብለው ያርዱታል፤ እቴቴ በዚያ ድስት ይሠሩታል፤ ክርስቲያን እንግዶቻችን ከዚያ ይበላሉ። እቴቴ ጓዳ ውስጥም የኛ ድስት አለ። ለፋሲካ አባቴ ቢላውን ይዞ ወደ እነሱ ግቢ ይሻገራል፣ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ እናቴ ትሠራለች።

ሁለት ድስት፣ አንድ ድንኳን። ልጅ ሆኜ አገሩ ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ይህን የማነሳው ከአንድ የተለመደ ታሪክ ጋር ጠብ ስላለኝ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በዓል ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ወደ ወሎ ይዞራል። ሚናሬት ይታያል፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ቀጥሎ ሼኹና ቄሱ ተቃቅፈው። ቡና ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አንድ ሽማግሌ "እኛ ልዩነት የለንም" ይላሉ፤ ዘፈን ይገባና ያልቃል። ዘፈኖቹም ያው ናቸው፤ ወሎ ፍቅር ነው፣ ወሎ አንድ ነው። ውሸት ነው አልልም። ግን ካሜራው አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ቢገባ ሁለቱን ድስት ያያል፤ ካየ በኋላ ደግሞ "ልዩነት የለንም" የምትለውን ዓረፍተ ነገር ይዞ መውጣት ይቸግረዋል።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብተው የጻፉት የውጭ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ብዙ ነገር ያሳያል።

የመጀመሪያው ኤልዋ ፊኬ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ነው። ወሎን አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ ሥጋ በኢትዮጵያ የክርስቲያንና የሙስሊም ድንበር ምልክት እንዴት እንደሆነ ይመረምራል። ለኛ አዲስ ላይመስል ይችላል። "የእስላም ሥጋ"፣ "የክርስቲያን ሥጋ" እያልን አይደል ያደግነው? ግን ፊኬ ጥያቄውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያስደነግጣል። በጉ ያው በግ ነው። ሁለቱም ወገን በቢላ ያርዳል፣ ሁለቱም ደሙን ያፈሳል፣ ሁለቱም የፈጣሪን ስም ይጠራል። የአሳማ ሥጋ ሁለቱም አይቀምሱም። ታዲያ በአንዲት የጥሪ ቃል ምክንያት አንዱ ለሌላው እንዴት የማይነካ ሆነ?

"ሃይማኖቱ ይከለክላል" ለማለት አትቸኩሉ። ቁርኣን ውስጥ አምስተኛው ምዕራፍ አል ማኢዳ ይባላል፤ ማእድ ማለት ነው። ቃሉ ራሱ ከግእዙ "ማእድ" የተወሰደ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ፤ ማእዳችን ቀይ ባሕርን ተሻግሯል ማለት ነው። በዚሁ ምዕራፍ አምስተኛ አንቀጽ የመጽሐፉ ሰዎች፣ ማለትም የአይሁድና የክርስቲያኖች፣ ምግብ ለሙስሊሞች ተፈቅዷል። ዑለማዎች በዝርዝሩ ላይ ብዙ ተከራክረዋል፤ መሠረቱ ግን ፈቃድ ነው። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ አፄ ገላውዴዎስ አሉ። ኢየሱሳውያኑ "እናንተ እኮ የአይሁድ ሥርዓት ነው የምትከተሉ" እያሉ ሲከሷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ አሳማ የማንበላው እንደ አይሁድ የኦሪትን ሕግ ለመጠበቅ አይደለም፣ የሚበላውንም አንኮንንም ብለው መልሰዋል። ሁለቱም መጻሕፍት በሩን ገርበብ አድርገው ትተውታል። የዘጋነው እኛ ነን።

ለምን ዘጋነው? መልሱ ታሪክ ውስጥ ነው። በዚህ አገር የሌላውን ሥጋ መብላት ማለት ሃይማኖት መለወጥ ማለት ነው። ጸሎት ከልብ ይሁን አይሁን አይታይም፤ የጎረሰ ሰው ግን ይታያል። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ካዘዙ በኋላ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሰው ብዙ ነው። እንደ ሼኽ ጦልሃ ያሉት አምጸው ተዋግተዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ማእድ መመስከሪያ ይሆናል። የምትበላው ሥጋ የማን መሆንህን ለአገር ይናገራል። ስለዚህ "አልበላም" ማለት ለአያቶቼ ንቀት አልነበረም፤ የቀረቻቸው የመጨረሻ አጥር ነበረች።

የፊኬ ጽሑፍ እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። ለኔ የጎደለኝ ሌላ ነው፤ ዓይኑ ቢላው ላይ ነው። ቢላ የወንድ ነው፣ የሚነሳውም ለደቂቃ ነው። ድስቱ ግን ዓመት ሙሉ ጓዳ ይቀመጣል፣ የሚጠብቁትም ሴቶች ናቸው። ማን ከየትኛው እንደሚበላ፣ ማን ጾመኛ እንደሆነ፣ የማን ማማሰያ የት እንደገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ድንበሩን ወንዶች ያሰምሩታል፤ በድንበሩ ላይ እንዴት እንደሚኖር የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው።

ሁለተኛው መጽሐፍ የሐጋር ሳላሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ፤ ርእሱ "የጅብ ሰዎች" ማለት ነው። ቤተ እስራኤልን ጎረቤቶቻቸው "ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" ይሉ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሳላሞን እስራኤል ከገቡ ቤተ እስራኤሎች ጋር ቁጭ ብላ፣ እዚህ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር እንዴት ይኖሩ እንደነበር ጠይቃለች።

ሳነበው መርሳ የተቀመጥኩ መሰለኝ፣ ወላሂ። እነሱም ሌላ ያረደውን አይበሉም። ለድግስ ሲጠሩ የራሳቸው በግ ይሰጣቸዋል፣ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ዕቃ ይሠራሉ። ጥሬ ሥጋ አይነኩም፤ ክርስቲያኑ ቁርጥ ሲቆርጥ እነሱ ደሙን አጥበው ይቀቅላሉ። የሰንበት ምግብ ዓርብ ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ እሳት አይነድም፣ ቡና አይቆላም። ለፋሲካቸው ቂጣ ይጋገራል። ለስግድ ጾመው ተራራ ይወጣሉ፣ ኦሪት ይነበባል፣ ሲወርዱ አብረው ይበላሉ። ከውጭ ሰው ጋር ተነካክቶ የመጣ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ "አትንኩኝ" የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ከዚህ ነው።

ሦስቱም ሃይማኖት ማእድ ላይ ዘመዳሞች ናቸው። ሐዲስ እንደሚለው ነቢዩ መዲና ሲገቡ አይሁድ ሙሳን አስበው ሲጾሙ አገኟቸው፤ ሙስሊሞችም እንዲጾሙ አዘዙ። ዓሹራ ይኸው ነው፣ የሙሐረም አሥረኛ ቀን። የአይሁድ የማስተሥረያ ጾምም በሰባተኛው ወራቸው፣ አዲስ ዓመታቸው በሚብትበት በቲሽሪ፣ አሥረኛ ቀን ላይ ይውላል። እናቴ ዓሹራን ስትጾም ይህን ዝምድና ታውቀዋለች ብዬ አላስብም። ግን ጾማዋለች።

ከመጽሐፉ ጋር የማልስማማበትም አለ። የሚናገሩት አንድ ወገን ብቻ ናቸው፣ ያውም አገር ለቀው ከሄዱ በኋላ። ክርስቲያኑ ጎረቤት አጠገባቸው ተቀምጦ "ኧረ እንዲያ አልነበረም" የሚልበት ዕድል የለውም። ሙስሊሙ ደግሞ ዳር ላይ ነው። ፊኬ ሁለት ድስት ያያል፣ ሳላሞንም ሁለት ድስት ታያለች። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ ግን ድስቱ ሦስት ይሆናል። አንዱ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር እኩል አልነበረም። ቤተ እስራኤል መሬት አልነበራቸውም፤ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ሆነው የሚኖሩ፣ ማረሻውን ከገዛቸው በኋላ ሰው የሚፈራቸው ነበሩ። እነሱ "አትንኩኝ" ሲሉ ሥርዓታቸውን መጠበቃቸው ነው፤ ጎረቤት "አትንኩኝ" ብሎ ሲጠራቸው ግን ስድብ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት አፍ። የተለየ ድስት በራሱ ክብርም ንቀትም አይደለም፤ ማን ለማን እንደለየው ነው ነገሩ።

ይህ ጉዳይ አገር ሲቀይርም አልለቀቃቸውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገብቷል። ስግድም እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አንስቷቸው ነበር። ምክንያቱ የአንድ የኮሸር ማረጋገጫ ሰጪ ጥርጣሬ ነው፤ አይሁድነታቸውን እንጃ አለ። አገር ጮኸ፣ ፋብሪካውም ወደኋላ አለ። ንጹሕ ለመሆን ወንዝ ለወንዝ ሲታጠቡ የኖሩ ሰዎች ልጆች፣ በገዛ ወገናቸው "አትንኩ" ተባሉ። ዜናውን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጨርቅ የተጠቀለለው ድስት ነው። የሚያስፈራ ነገር ነው ለካ።

"እንግዲያው ድስቱ ይቅራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይብላ" ትሉ ይሆናል። ድንበር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ቡናን ተመልከቱ። ክርስቲያኑ "የእስላም ነው" ብሎ ሲሸሸው ኖሮ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ጊዜ ነው መጠጣት የለመደው። ዛሬ ያ ካሜራ የወሎን ፍቅር ሊያሳይ ሲፈልግ ቀድሞ የሚቀርጸው ጀበናውን ነው። ትናንት የሚለየን ዛሬ የሚያገናኘን ሆነ። ሥጋውም አንድ ቀን እንዲያ ይሆን ይሆናል። ቡና ግን የተሻገረው በአዋጅ አይደለም፤ ማንም "አንድ ነን፣ ጠጣ" ብሎ አላስገደደም።

አምና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ወልድያ ተዳረች። ድንኳኑ ያምራል፣ ምግቡ በኬተሪንግ ነው፣ ቡፌው ረጅም ነው። ሳህን ይዤ ተሰለፍኩና ዝቅ ባለ ድምፅ "የሙስሊም የትኛው ነው?" አልኩ። የጓደኛዬ ወንድም ሳቀ። "አቦ አንቺ ደግሞ! ወሎ እኮ ነን፣ ምን ልዩነት አለን?" ክፋት የለበትም፤ ከልቡ ነው የተናገረው። እኔም ሳቅኩ። ዳቦና ሰላጣ በልቼ ጨፈርኩ። አንድ ነን የተባልኩበት ሠርግ ላይ የተራብኩት እኔ ነበርኩ።

ይህን ይዤ የሰው ቤት ላይ ብቻ መፍረድ እችል ነበር። ግን ከዚያ በፊት የራሴ እህት ስትዳር መርሳ ላይ ያደረግነውን እኔ አውቃለሁ። እኛም ኬተሪንግ ቀጠርን። የበግ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ ለሁለት ድስት ማን ያወጣል ተባለ፤ ባዩ እኔው ነበርኩ። እቴቴ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ፣ ከፊት ተቀመጡ፣ ለስላሳ ጠጡ። "እቴቴ ብሉ እንጂ" ስላቸው "ጠግቤ ነው የመጣሁ ልጄ፣ አብሽሪ" አሉኝ። አመንኳቸው፤ ማመኑ ቀለለኝ።

እናቴ ግን አላመነችም። በማግስቱ ጠዋት፣ እንግዳው ገና ሳይነሳ፣ ጓዳ ገብታ ድስቱን ከላይ አወረደች፣ ጨርቁን ፈታች። በአንድ እጇ ድስቱን፣ በሌላው እግሩ የታሰረ ዶሮ ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ተሻገረች። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። እቴቴ ደጃፋቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ትላንት አስቀየምኩሽ" አለቻቸው እናቴ። "በይ ባልሽን ቀስቅሽልኝ፣ ይባርክልኝ።"