ካብ ላይ ያለ እንዳሁላ

እንዳሁላ ካብ ላይም አጥር ሥርም ስለሚበቅል ዓይን ለምዶት ያልፈዋል። አንድ ግንዱን ይዞ ከአናቱ ቁልቁል ማየት ግን ደግ ነው። ወፋፍራም ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አንዱ ጥንድ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ከዘረጋ፣ ቀጣዩ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዘረጋል፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ጥላውን እንዳይጥል።

አበባው ላይ ደግሞ ስሌቱ አይዛነፍም። ከውጭ የሚያቅፉት አረንጓዴ ሽፋኖች አራት ናቸው። ከሥር እንደ ቱቦ ገጥመው ከላይ የሚፈቱት የአበባው ቅጠሎችም አራት፤ ብናኝ የተሸከሙት ዘንጎች ስምንት፤ ዘር የሚቋጥሩት ከረጢቶች እንደገና አራት። ይህን ሁሉ ለማየት አንዲት አበባ በጥፍር መሰንጠቅ ይበቃል።

ከእንዳሁላዎቻችን አንዱ በሳይንስ ስሙ ካላንቾ ፔቲቲያና ይባላል። የአንቷን ፔቲ መታሰቢያ ነው፤ ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር፣ አገራችን ውስጥ ለምርምር ሲዘዋወር እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ የበላው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የማይታየው ሥራው ነው። ፀሐይ ሲከር በቅጠሉ ላይ ያሉትን ረቂቅ ቀዳዳዎች ዘግቶ ውሃውን ይይዛል። ሌሊት ይከፍታቸውና የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ ያጠራቅማል፤ ሲነጋ ደጁን ዘግቶ፣ ባደረ ስንቁና በፀሐዩ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ የእጽዋት አጥኚ ህንድ ሳለ የእንዳሁላን አንድ የቅርብ ዘመድ ቅጠል ቀምሶ ነበር። ጧት ኮምጣጣ፣ እኩለ ቀን ጣዕም የለሽ፣ ወደ ማታ መረር ያለ ሆኖ አገኘው፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1815 ታተመ። እናንተ አትቅመሱት፤ ከዚህ ወገን ከብት የሚገድሉ አሉ።

እንዲህ ያለ ቆጣቢ ተክል የሚበላሸው በደግነት ነው። ግንዱን ቆርጦ፣ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ማቆየት፤ ከዚያ ቀይ አሽ በተቀላቀለበት አፈር ከድንጋይ መሀል መሰካት። መረሬ ላይ ከተተከለ የሐምሌ ዝናብ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ጥሩ ካብ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ድንጋዮቹን ወደ ውስጥ ጥቂት ያዘነብላቸዋል፤ ዝናቡ በፊታቸው ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ሥሩ እንዲገባ፣ በካቡም ውስጥ ሰርጎ እንዲወርድ። ፍግ አያስፈልገውም። ፍግ የበዛበት እንዳሁላ ግንዱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይላላል፣ ነፋስ ሲመጣም ይተኛል።

ከማዳጋስካር የመጣችው ቀይ አበባ ያላት ዘመዱ በሸክላ ማሰሮ ተተክላ በየሱቁ ትሸጣለች። ታምራለች፤ አልክድም። እኔ ግን ካብ የሚሠራ ሰው ካገኘሁ እንዳሁላውን እመርጣለሁ።