የተደራረበ ድምፅ

ሂዩስተን ውስጥ መኪና የሚቀቡ ሰዎች «ካንዲ» የሚሉት ቀለም አለ። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ብልጭ የሚል መደብ ይቀባል፤ ብርማ ወይም ወርቅማ። በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ይረጫል፤ ይደርቃል፣ እንደገና ይረጫል። በመጨረሻ ቀለም አልባው መሸፈኛ ይመጣና ይለሰልሳል፣ ይወለወላል። ብርሃን ቀለሙን ሰንጥቆ ገብቶ መደቡን ይመታል፣ በገባበት ተመልሶ ይወጣል። መኪናው ውኃ ውስጥ የተነከረ የሚመስለው በዚህ ነው። ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል፦ አንዱ ርጭት ሌላው ላይ ከሚገባው በላይ ከተደረበ፣ የተደረበበት ቦታ ጠቁሮ ይቀራል። በላዩ ቀብቶ መሸፈን አይቻልም።

ዘፋኟ ኖርማኒ «ካንዲ ፔይንት» የሚል ዘፈን አላት። ዘፈኑ ስለ መኪና ሥራ አይደለም፤ ቃሉ ግን የከተማዋ ነው። አትላንታ ተወለደች፣ ኒው ኦርሊንስ አደገች፤ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ቤተሰቧን ሲያፈናቅል ሂዩስተን ገባች። «ካንዲ ፔይንት» የመጀመሪያ የግል አልበሟ የ«ዶፓሚን» ሰባተኛ ዘፈን ነው። አልበሙ 13 ዘፈኖች ይዞ ሰኔ 14 ቀን 2024 ወጣ። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ሮኬት ላይ ተቀምጣ ትታያለች። በቢልቦርድ የ200 አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ የገባው 91ኛ ሆኖ ነው።

ያን ያህል ለተጠበቀ አልበም 91ኛ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ምን ያህል እንደተጠበቀ ለማወቅ ከእሱ በፊት የወጡትን ሥራዎች አንድ በአንድ ማየት ይበቃል።

ኖርማኒ የወጣችው ከፊፍዝ ሃርመኒ ነው። አምስቱ ሴቶች በ2012 በአሜሪካው የ«ኤክስ ፋክተር» ውድድር ላይ ተጣምረው ቡድን ሆኑ። አምስት ድምፅ ያለው ቡድን ውስጥ ለአንድ ዘፋኝ የሚደርሰው ጥቂት ስንኝ ነው፤ ቀሪው ጊዜ በአዝማቹ ውስጥ የራስን ድምፅ ለሌሎቹ ማስገዛት ነው። ቡድኑ በ2018 ሥራውን አቆመ። በዚያው ዓመት ከካሊድ ጋር የሠራችው «ላቭ ላይስ» በቢልቦርድ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ እስከ 9ኛ ደረጃ ወጣ። በ2019 መጀመሪያ ከሳም ስሚዝ ጋር የሠራችው «ዳንሲንግ ዊዝ ኤ ስትሬንጀር» 7ኛ ደረሰ። ሁለቱም ጥሩ የቅብብል ሥራዎች ናቸው፤ በሁለቱም ግን ዘፈኑን ከሌላ ሰው ጋር ትካፈላለች።

ለብቻዋ የቆመችው ነሐሴ 2019 በ«ሞቲቬሽን» ነው። ከደራሲዎቹ መካከል ማክስ ማርቲንና አሪያና ግራንዴ ይገኛሉ። እዚህ ክሊፑ ከዘፈኑ ይበልጣል። ዴቭ ማየርስ ከዳንኤል ራስል ጋር አዘጋጀው፤ ዳንሱን ሾን ባንክሄድ ነደፈው። አንዲት ልጅ ቴሌቪዥን ላይ የ2000ዎቹን የሙዚቃ ፕሮግራም ስትመለከት ይጀምራል፤ ከዚያ ኖርማኒ በእነዚያ ዓመታት ክሊፖች ውስጥ ያለፈች ያህል ትደንሳለች። ሁሉም የሚያስታውሰው ኳሱን ነው። የቅርጫት ኳስ በመቀመጫዋ አንጥራ ዳንሱን ሳታቋርጥ ትቀጥላለች። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው የሚያስተውለው ግን ትከሻዋን ነው። ኳሱ ሲነካት ትከሻዋ ንቅንቅ አይልም። ወገቧ ይሠራል፣ ደረቷ ባለበት ይጸናል፣ ዓይኗ ከካሜራው አይነሳም። ሰውነትን እንዲህ ከፋፍሎ ማዘዝ ከልጅነት የተጀመረ ልምምድ ይጠይቃል።

ዘፈኑ ራሱ 33ኛ ላይ ቆመ። ወሬው ግን ተነሳ። አልበሙ መቼ ነው?

ቀጣዩ ትልቅ ሥራ በሐምሌ 2021 መጣ፤ ከካርዲ ቢ ጋር የሠራችው «ዋይልድ ሳይድ»። እዚህ ላይ ድራሙን መስማት ያስፈልጋል። አመታቱ የዘፋኟን የአሊያን «ዋን ኢን ኤ ሚሊየን» ያስታውሳል፤ ያ በ1996 ቲምባላንድ ያቀነባበረው ሥራ ነው። የዚያ አመታት ምስጢር ሁለት ፍጥነት በአንድ ጊዜ መያዙ ነው። ዘፋኟ በዝግታ ትሄዳለች፤ ከሥሯ ያለው ድራም በእጥፍ ይቆጥራል። ኪኩ፣ ማለትም በእግር የሚመታው ወፍራም ድራም፣ እኩል እኩል ርቀት እየጠበቀ አይመታም። ሁለት ሦስቱ ተከታትለው ይወድቁና ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ሌላ አቀናባሪ በድምፅ የሚሞላውን ቦታ ቲምባላንድ ለጸጥታ ትቶታል። «ዋይልድ ሳይድ» ይህን ወስዶ ኪኩን አወፈረው። ኖርማኒ ቃላቱን የምታሳርፈው በእነዚያ ባዶ ቦታዎች ላይ ነው፤ ድራሙ ሲናገር እሷ ትተነፍሳለች። ታኑ ሙይኖ ባዘጋጀችው ክሊፕ ውስጥ ከራሷ ምስል ጋር ጥንድ ሆና ስትደንስ፣ የባንክሄድ ንድፍ ያንኑ ሁለት ፍጥነት በሰውነት ያሳያል፦ እጆቹ ድራሙን ይከተላሉ፣ ጉልበቱ ዜማውን። ዘፈኑ 14ኛ ደረሰ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አልበሙ መጣ። በመሀል ሁለቱም ወላጆቿ በካንሰር ታመሙ፤ ይህን ራሷ ተናግራለች። የአድናቂዎቹ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለተደጋገመ፣ አልበሙን ልታሳውቅ ስትል የድረ ገጹን ስም «የታለ ይሄ አልበም?» ብላ ሰየመችው፤ ያውም ከነቁጣው። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ግን ሰዉ የሚጠብቀው ኳስ የምታነጥረውን ሴት ነበር፤ «ሞቲቬሽን» ደግሞ አልበሙ ውስጥ የለም።

«ዶፓሚን» ውስጥ ያለው ሌላ ሙያ ነው። በፊፍዝ ሃርመኒ ውስጥ የተማረችው፣ ማንም በቀጥታ የማያየው ድምፅ መደራረብ።

ስቱዲዮ ውስጥ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ዘፋኟ ዋናውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ትዘፍናለች፤ ከየቅጂው ጥሩ ጥሩው ሐረግ ተመርጦ አንድ ይሆናል። ይህ መደቡ ነው። ከዚያ ያንኑ መስመር በድጋሚ ትዘፍነዋለች። ሁለቱ ፈጽሞ አንድ ከሆኑ ድጋሚው ጥቅም የለውም፤ በጣም ከተለያዩም ሁለት ሰው ይመስላሉ። ልዩነቱ ከፀጉር የቀጠነ መሆን አለበት። ከዚያ ከዋናው ከፍ ያለ መስመር፣ ከዚያ ዝቅ ያለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተዘፍኖ አንዱ ወደ ግራ ጆሮ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይላካል። አስቸጋሪው የፊደል ነገር ነው። ስምንት ድምፅ በአንድ ቃል መጨረሻ ላይ «ስ» ወይም «ት» ካለ ስምንት ፉጨትና ስምንት ቅጭልታ ይሰማል። ስለዚህ በመደቡ ላይ ብቻ ፊደሉ ጥርት ይላል፤ በተደራቢዎቹ ላይ ዘፋኟ አናባቢውን ብቻ ይዛ ተነባቢውን ትውጠዋለች። ካልዋጠችው መሐንዲሱ ይቆርጠዋል። ትንፋሹም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ በ«ኢንሶምኒያ» ላይ ይሰማል፤ ወይም አይሰማም ልበል፣ በጥሩ ሥራ ላይ መገጣጠሚያው አይታይምና። ከኋላ የምትቀበለው ብራንዲ ናት። ብራንዲ በሙያው ሰዎች ዘንድ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ የሚል ቅጽል የተሰጣት ዘፋኝ ናት፤ ያገኘችውም በዚሁ ድምፅ በመደራረብ ነው። የሷ ድምፅ ሻከር ያለ ጠርዝ አለው፤ የኖርማኒ ለስላሳና ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱ ሲነባበሩ የብራንዲ ጠርዝ ለሌላኛዋ ድምፅ ዳር ያበጅለታል። ኖርማኒ አዝማቹ ላይ ድምፅዋን አትጨምርም። አዝማቹ የሚገዝፈው ንብርብሩ ስለሚበዛ ነው። ብዙ ዘፋኞች በጩኸት የሚያመጡትን ከፍታ እሷ በብዛት አመጣችው።

«ስቲል» ላይ ደግሞ ሂዩስተን ተመልሳ ትመጣለች። ዘፈኑ የከተማዋን ራፐር የማይክ ጆንስን «ስቲል ቲፒን» ቆርጦ ወስዷል። የሂዩስተን ራፕ ቀርፋፋነት ከዲጄ ስክሩ የመጣ ነው፤ እሱ በ1990ዎቹ የአንድ ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ ፍጥነታቸውን ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን ከሌላው አንድ ምት ወደ ኋላ አስቀርቶ ያጫውት ነበር። መቀላቀያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ገፋ ሲያደርገው ቃሉ ራሱን ይደግማል። ኖርማኒ ያንን የጎተተ አነጋገር በዜማ ትይዘዋለች፤ የምቱ ጀርባ ላይ ቀረት ብላ ትገባለች፣ ግን አትዘገይም። ትንሽ ቸኩላ ብትገባ ቀልድ ይሆን ነበር።

ታዲያ ለምን አልያዘም? አንደኛ፣ ሰው ሮኬት ጠብቆ ነበር፤ የተሰጠው ሦስትና አራት ጊዜ ካልሰሙት የማይከፈት ሥራ ነው። ሁለተኛው ጉድለት ግን የአልበሙ የራሱ ነው። አብዛኞቹ ዘፈኖች በዝግታና በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። «ቴክ ማይ ታይም» መሀል ላይ ለዳንስ ያነሳሳል፤ ከጄምስ ብሌክ ጋር የሠራችው «ታንትረምስ» አየሩን ይለውጣል፤ በቀረው ጊዜ ጆሮ ማረፊያ እንጂ መነሻ አያገኝም። ከ«ሞቲቬሽን» አዝማች ጋር የሚስተካከል አንድም የለም። የእያንዳንዱ ንብርብር ልስላሴ እውነት ነው፤ ግን ከኋላ ያለው መደብ ሁልጊዜ አይበራም። ያለ ብልጭልጭ መደብ ስስ ቀለም ጥልቀት አይሰጥም።

ዳንሱ ይህን ሊሞላ ይችል ነበር። አልበሙ በወጣበት ወር መጨረሻ በቢኢቲ ሽልማት መድረክ ላይ ልትታይ ነበር፤ ልምምድ ላይ ተጎድታ ቀረች። ዘፈኖቹን ከሰውነቷ ጋር አንድ ላይ የማየቱ ዕድል በዋናው ሰዓት አለፈ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱ ቅደም ተከተሉ ነው። «ዋይልድ ሳይድ» 13ኛ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ለሦስት ዓመት ያህል የሰማው ዘፈን እንደ ማሟያ ተለጠፈ፤ የድራሙ ጥንካሬም ከፊቱ ያለፉትን ለስላሳ ዘፈኖች ይበልጥ ያሳንሳቸዋል። እኔ ብሆን ከ«ስቲል» ቀጥሎ ሦስተኛ አደርገው ነበር። ሁለቱም ዘገምተኛ ድምፅን በሚሮጥ ድራም ላይ የሚያሳርፉ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የ1996ቱና የሂዩስተኑ ዝግታ ይተያያሉ። «ኢንሶምኒያ»ን ከስድስተኛነት አውርጄ መዝጊያ አደርገው ነበር። ከእሱ በኋላ ምንም ዘፈን መግባት የለበትም።